ስለ እግርሽ እንድትጽፍ ትፈቅጂያለሽ?

ውድ ባለቤቴ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ዕወቂልኝ፤ ልጃችን ምስጢርሽን አላወጣችም። እስከ ዛሬ ስለ እግርሽ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እኔም ይህ ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንዳንታወቅ የማናችንንም ስም አልጽፍም።

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። የጓሮው አጥር በዝናቡ ወድቆ በቆርቆሮ ተተካ። ቀፎዎቹን ለወንድምሽ መለስኩለት፤ ንቦቹ ያለ አንቺ አልገዛ አሉኝ። ምሽት ላይ እጄ ሥራ ፈትቷል። ድሮ በሩን ዘግተን፣ መጋረጃውን ጋርደን እግርሽን አጥብልሽ ነበር፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ በመጨረሻም ቫዝሊን። «ሁለቱን እንግዶቼን አስተኛልኝ፣ መምህር» እያልሽ ትስቂ ነበር። እኔ አልስቅም ነበር።

ሰው የሚያውቀው ረጅም ቀሚስሽን ብቻ ነው። ጫማ ማውለቅ እንዳይመጣብሽ ብለሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳትገቢ ኖርሽ፤ ቅዳሴውን ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመሽ ታስቀድሺ ነበር። «የመምህሩ ሚስት እግዜር ቤትም ትኮራለች» ሲሉ እየሰማሽ መልስ አልሰጠሽም። ዝምታሽ ለራስሽ አልነበረም። እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ ካለበት ቤት ሚስት የሚጠይቅ የለምና «የወንድሜን ልጆች ማን ያገባቸዋል?» ትዪኝ ነበር። ያረፍሽ ዕለት ገናዦቹ ከመግባታቸው በፊት ልጃችን በሩን ቆልፋ እግርሽን ብቻዋን አጠበች፤ ካልሲም አጠለቀችልሽ። ልክ እንዳዘዝሻት።

አሁን ለሦስተኛ ዲግሪ አመልክታለች። ትምህርቱ አንድ የአገራችንና አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጡት ነው፤ አንዱ አማካሪዋ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ ይሆናል። ልታጠና የምትፈልገው፣ በአንድ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ካደጉ ሰዎች መካከል በሽታው ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ነው። አንቺን ይዞ ወንድምሽን እንደተወው ማለት ነው። የጥናት ዕቅዷን ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር አርሜላታለሁ። እንግሊዝኛውን እንጂ ሳይንሱን አልነካሁም።

ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ሆነ። እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ስለ ደም ናሙና፣ ስለ ዘረመል የጠየቋትን ሁሉ ሳትደናቀፍ መለሰች። በመጨረሻ የአገራችን ፕሮፌሰር በአማርኛ «ልጄ፣ ከበሽታው ሁሉ ይህን ለምን መረጥሽ?» አሏት።  ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሄሎ? ትሰሚናለሽ?» ይላሉ። ቆይታ «በአካባቢያችን ስለሚበዛ ነው» አለች። እንዲያ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

በማግስቱ ጻፉላት። ዕቅዷ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተወዳዳሪው ብዙ ስለሆነ በሽታውን የመረጠችበትን ምክንያት እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ በጽሑፍ ታስረዳ ይላል። «አባዬ፣ ስለ እማዬ ልጻፍ? ያጠብኳት እኔ እኮ ነኝ» አለችኝ። የተመረጡት ታሪካቸው በድረ ገጽ እንደሚወጣም አልደበቀችኝም። እንዲህ ያለ ወሬ እዚሁ ቦንጋ ገበያ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ።

ቅዳሜ ደግሞ ወንድምሽ ማር ሊሸጥ ሲመጣ ትንሿን ልጁን ይዟት ቤታችን ጎራ አለ። የልጅቱ ቦቲ ጭቃ ነበርና «አውልቂውና ግቢ» አልኳት። አሻፈረኝ ብላ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መሬት ድረስ ስትስበው አየሁ። ያንን አሳሳብ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። ልጃችንም አይታ ወደ ጓዳ ሮጠች። ወንድምሽን ለብቻው ወስጄ ስጠይቀው «እሾህ ወግቷት ነው፣ ጋሼ» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

የምታስቢላት ልጅ አንቺ እንደኖርሽው መኖር ጀምራለች። በጊዜ ከታጠበ፣ በጊዜ ጫማ ከተደረገለት እብጠቱ እንደሚገታ ልጃችን ነግራኛለች። ነገር ግን እኛ ያንቺን ደብቀን፣ አባቷም እሾህ ነው እያለ ማን ያጥብላታል?

ቃልሽን ብቻዬን አላፈርስም። እግሩም ሕመሙም ያንቺ ነበር። እንዴት ሆነሽ እንደኖርሽ የምናውቀው እኔና ልጃችን ነን፤ ብትፈቅጂም ባትፈቅጂም እኛ እስካለን አትረሺም። እኔ ግን አርጅቻለሁ። ሳይጻፍ ብሞት ግማሹ ታሪክሽ ከእኔ ጋር ይቀበራል።

ይህን ስጽፍ ልጃችን ኮምፒውተሩን ከፍታ ባዶውን ገጽ እያየች ነው። ዓርብ ቀርቧል፤ የልጅቱም እግር ጊዜ አይሰጥም። በእኔ ወይም በእሷ ሕልም ነይና አዎ ወይም አይሆንም በይን። እባክሽ፣ ቶሎ መልሺልን።