«እዚህ አርፏል» ስለ ተባለው ወንድሜ

ለክቡር አቶ ኤዳልሲዮ ፓይሽ
የቫል ሴኮ መንደር ምክር ቤት ሊቀ መንበር
ፖርቱጋል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው እሑድ የወንድሜን ሐውልት ሲመርቁ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ስለ ተናገሩ የጉሮሮዎ ነገር አሳስቦኛል። እኔ የሟቹ እኅት ዴኦሊንዳ፣ ወንበሮቹ ከከተማ ለመጡት እንግዶች ስለ ተያዙ፣ ከከብቶች መጠጫው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስለዚህም አመሰግናለሁ፤ የቆመን ሰው እንቅልፍ አይጥለውም።

የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ወንድሜን ድንጋዩ ላይ «አልቢኖ» ብለው አስቀርጸውታል። እናቴ ያወጣችለት ስም አልባኖ ነው። ይህን ለማጣራት ከቢሮዎ እስከ ደጃፌ ሰማንያ እርምጃ መራመድ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በእርስዎ አልፈርድም።

2. በንግግርዎ «የአገሩን ስም እየጠራ፣ ፈገግ እንዳለ ወደቀ» ብለዋል። እርስዎ ያን ጊዜ አልተወለዱም። ፊርሚኖ ግን አጠገቡ ነበር። ፊርሚኖ በቅኝ ግዛቱ ጦርነት ጊዜ ከአልባኖ ጋር ባሕር ተሻግሮ ጊኒ የዘመተ፣ አንድ ዓይኑን እዚያው ጥሎ የተመለሰ የወንዝ ማዶ ሰው ነው። እንደ ተመለሰ ቤታችን መጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ፣ «እማማ፣ ልዋሽዎት አልመጣሁም» አላት እናቴን። «ፈንጂ ነው የመታው። ‹ፊርሚኖ፣ ጫማዬን አላላልኝ፣ ጠበበኝ› አለኝ። ጫማም አልነበረም፣ እግርም አልነበረም። ፈታሁልህ አልኩት። ‹ተባረክ፣ አሁን ቀለለኝ› ብሎ ዝም አለ።» እናቴ ተነሥታ የጎመን ሾርባ አቀረበችለት። እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የአገሩን ስም ሲጠራ የሰማ ሰው ግን እስከ እሑድ ድረስ አላጋጠመኝም።

3. ይኸኛው ይብሳል። ሐውልቱ ላይ «እዚህ አርፏል» ይላል። እዚያ ያረፈው ስሚንቶ ነው። አልባኖን ፊርሚኖ በገዛ እጁ ጊኒ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ቀብሮ፣ ቦታውን በሲጋራ ወረቀት ላይ ሥሎ አምጥቶልናል። ያንን ወረቀት ከእርስዎ በፊት ለነበሩት ሦስት ሊቃነ መናብርት አሳይተናል፤ አምና ደግሞ ለእርስዎ ይዤ መጣሁ። ጸሐፊዎ «እትዬ ዴኦሊንዳ፣ አፅሙን ለማስመጣት እኮ መጀመሪያ መሞቱ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት» አለችኝ። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ሐውልት ካቆሙለት መሞቱን ደርሰውበታል ማለት ነው።

እናቴ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ በሙታን ቀን ሻማ ይዛ ወደ መንደሩ መካነ መቃብር ትሄድ ነበር። የሌላ ሰው መቃብር ላይ እንዳታኖረው እየፈራች፣ አጥሩ ላይ አቁማው ትመለሳለች። ነፋስ ያጠፋዋል። ይህን ያየ ሰው «እዚህ አርፏል» የሚለውን ቃል ዝም ብሎ አያልፍም።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ እኔና ፊርሚኖ መዶሻና መሮ ይዘን ሄድን። «አንቺ ያዢ፣ እኔ ልምታ» ቢለኝ «በአንድ ዓይንህ ጣቴን ልታሳጣኝ ነው?» ብዬ ራሴ መታሁ። ሁለቱን ቃላት ሙልጭ አድርገን አነሣናቸው፤ ስሙንም አቃናነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት መጥረጊያ አዋሰችን። አጥፊውን ለማግኘት ፖሊስ ያዘዙ እንደ ሆነ አያድክሟቸው፤ እኔ ነኝ፣ ቤቴም አለሁ። የተፋቀው ቦታ ወንድሜ መጥቶ እስኪገባበት ድረስ ባዶውን ይቆይ።

ቀንዎ ሲደርስ፣ ይዘግይና፣ ድንጋይዎ በቆመበት ሥፍራ እንዲያርፉ ከልብ የምመኝልዎ፣

የአልባኖ እኅት
ዴኦሊንዳ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ «የእኔም ቤተሰብ ለአገሩ ከመስጠት ወደ ኋላ አላለም» ብለው ነበር። አባትዎ ከአልባኖ ጋር በአንድ ቀን ለምልመላ ቀርበው «ሳንባው ደካማ ነው» ተብለው ተመለሱ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ በኋላ በመንደራችን የሙዚቃ ጓድ ትልቁን ጥሩምባ አርባ ዓመት ነፍተዋል። በመንፋት በኩል ቁርጥ አባትዎን ነዎት።