ከነባለቤቱ

ይድረስ ለስንዱ፣ ለባለቤቴ፤

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛው እየገባ ነው፤ ከትናንት ወዲያ የሑሉቃ ወንዝ ደፍርሶ ሞልቶ ነበር። ማኅተም ለሌለው ደብዳቤ ግምት እንደማልሰጥ ታውቂያለሽ። ይህን ግን ጽፌዋለሁ። ሰው ቢያነበውም ያንብበው፤ የምነግረው ላንቺ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን ኮክ ግን አጥር የሚጋራን ሰውዬ ቅርንጫፉን ቆርጦብኛል። ንፋስ ነው ይላል። ንፋስ በመጋዝ አይቆርጥም። በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገብቻለሁ።

ሌላው ወሬ የእድራችን ነው። ሊቀመንበሩ ኦቦ ቱሉ በስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ የአባላት መዝገባችን ወደ ኮምፒውተር ይግባ አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ያ መዝገብ ማለት ጥቁሩ ደብተር ነው፤ አርባ ዓመት በእጄ ጽሑፍ የሞላሁት፣ ጀርባው ሲላቀቅ አንቺ በአቡጀዲ የሰፋሽልኝ። እየሰፋሽው ሳለ ቀና ብለሽ፣ «እኔ ስሞት ቀዩን በየትኛው መስመር ላይ ነው የምታሰምርብኝ?» ያልሽው ትዝ ይለኛል። ሰው ሲሞት በማስመሪያ ለክቼ ስሙ ላይ ቀይ መስመር እንደማሰምር ታውቂ ነበር። «የሰው ሞት መቀለጃ አይደለም» ብዬ ተቆጣሁሽ። አንቺ ሳቅሽና ክሩን በጥርስሽ በጠስሽ።

ባረፍሽ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ደብተሩን ገለጥኩ። ማስመሪያውንም ቀዩንም እስክሪብቶ ይዤ ነበር። በእኛ መስመር ላይ «ገረመው ተክሌ ከነባለቤቱ» ይላል። የሌላውም ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ አባወራው በስሙ፣ ሚስቱ «ከነባለቤቱ»። የማሰምርበት ስም አጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ማንም ሊሰርዝሽ አይችልም ብዬ ደብተሩን ከደንኩት። ስለዚህ ኮምፒውተር ሲሉ ልቤ ፈራ። የደበቅኩትን አውጥቶ የሚሰርዝ መስሎኝ።

ደብተሩ ከእጄ አይወጣም፣ እሱ በሄደበት እሄዳለሁ አልኳቸው። ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜ ቅዳሜ ለማኅበራትና ለመሥሪያ ቤቶች የመረጃ አያያዝ ትምህርት ይሰጣል። ተመዘገብኩ። በሰባ አራት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። ፊደልን እንኳ ማንም አላስተማረኝም፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው የለቀምኩት።

መምህሯ ሌንሴ ትባላለች። በትንሿ ልጃችን ዕድሜ ናት። ድምፅዋ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ተጠራጠርኳት፤ እንዲህ የሚለሰልስ ሰው ወይ መነኩሴ ነው ወይ ሌባ። «ኦቦ ገረመው፣ ደብተሩን ያቀብሉኝ?» ስትለኝ፣ «እዚያው ቆመሽ እይው» አልኳት። አጠገቤ ከባኮ የሚመጣ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ይቀመጣል። ዓይኑ ወደ እኔ ስክሪን ስለሚቀላውጥ በባርኔጣዬ ጋረድኩበት።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ሁሉም ነገር በሰንጠረዥ ይቀመጣል። አንድ ሰው አንድ ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ የራሱ መለያ ቁጥር። አባላት በአንድ ሰንጠረዥ፣ ቤተሰብ በሌላ ሰንጠረዥ ይገባሉ። በቤተሰቡ ሰንጠረዥ ያለ ሰው ሁሉ የአባሉን ቁጥር ይዞ ይቆማል፤ በዚያ ይተሳሰራሉ። ነገሩ ቂልነት እንዳልሆነ ቶሎ ገባኝ። ግን ፊቴ ላይ አላሳየሁም።

አንድ ቅዳሜ ሌንሴ የየራሳችንን መዝገብ እንድናስገባ አዘዘችን። ኦቦ ቱሉ አስቀድሞ መጥቶ ራሱን፣ ሚስቱንና አራት ልጆቹን በየስማቸው አስገብቶ ሄዷል። እኔ ፊደል ሳላዛንፍ ከደብተሬ ገለበጥኩ፦ «ገረመው ተክሌ ከነባለቤቱ»። ልጆቻችን ጎጆ ወጥተው በየራሳቸው ስለተመዘገቡ ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

ከዚያ ይህን ማሽን ልፈትነው አልኩ። ሌንሴ ወደ ሌላ ሰው ዞር ስትል ኦቦ ቱሉን ሰርዝ ብዬ አዘዝኩት። ክፋት አይደለም፣ ሙከራ ነው። እምቢ አለኝ። ከዚህ ረድፍ ጋር የተያያዙ ሰዎች ስላሉ መሰረዝ አይቻልም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ተናደድኩም፣ አከበርኩትም። ቀጥዬ የራሴን ረድፍ አዘዝኩ።

ጠፋሁ። ምንም ሳይለኝ፣ በአንድ ቅጽበት።

«ሰረቃችሁኝ!» ብዬ ተነሳሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የባኮው ሰው፣ «አባባ፣ ማን ይሰርቅዎታል? ራስዎን በራስዎ እኮ ነው የሰረዙት!» አለኝ። ሌንሴ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው። አልሳቀችም።

«ኦቦ ቱሉን ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ይዘዋቸዋል» አለችኝ። «እርስዎን የያዘዎት ሰው የለም። ‹ከነባለቤቱ› ስም አይደለም። የባለቤትዎ ስም ማን ነው?»

ተቀመጥኩ።

አርባ ዓመት ጎረቤቱን፣ ሊቀመንበሩን፣ ቀበሌውን ስጠራጠር ኖሬ አንድ ቀን የራሴን እጅ አልተጠራጠርኩም። ደብቄሽ አልነበረም። አልጻፍኩሽም ነበር። ያልተጻፈን ሰው ማን ይሰርዘዋል? አንቺ ይህን አውቀሽ ነበር የጠየቅሽኝ፣ እርግጠኛ ነኝ። ያን ጊዜ የሳቅሽው ሳቅ አሁን ያጠራጥረኛል።

ስምሽን ልጽፍ ጣቴን አነሳሁና ቆምኩ። ስንዱ ያለችሽ እናቴ ናት፤ ሙሽራ ሆነሽ በገባሽ ማግስት ያወጣችልሽ ስም ነው። ከእጃጂ ስትመጪ ሌላ ስም ነበረሽ። አባትሽ ያወጣልሽን ስም ከሠርጋችን ወዲህ ጠርቼው አላውቅም። በለቅሶሽ ላይ እህትሽ ደረቷን እየመታች ስትጠራው ሰምቼ፣ ይህቺ ሴትዮ የማንን ለቅሶ ነው የምታለቅሰው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ደብተሩን በብብቴ ይዤ የሴቶቹን ስም ልጠይቅ በየቤቱ ዞርኩ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ወገቧን ይዛ አየችኝ። «ሠላሳ ዓመት ‹የወፍጮው ሚስት› ሲሉኝ ኖረው ዛሬ ስሜ አማረዎት? ማል ታታን፣ ኦቦ ገረመው? ምን ነካዎት፣ ሊሞቱ ነው እንዴ?» አለችኝ። ብርቄ ነው ስሟ። ባሏም ከውስጥ ሆኖ ይስቃል። ይሳቁ። ሁሉንም ጻፍኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ራሴን እንደገና አስገባሁ። ቀጥዬ በቤተሰቡ ሰንጠረዥ አንቺን ጻፍኩሽ፤ በአባትሽ ስም፣ የእኔን ቁጥር አስይዤ። የሞተ ሰው አይሰረዝም፣ ያረፈበት ቀን በራሱ ዓምድ ይጻፋል ብላ ሌንሴ አሳየችኝ። ያረፍሽበትን ቀን ጻፍኩ። ከዚያ ራሴን ሰርዝ ብዬ አዘዝኩት። እምቢ አለ። ደግሜ አዘዝኩት። እምቢ አለ። ሌንሴ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ «አሁንስ አመኑ?» አለችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አዘዝኩት።

ደብተሩን ግን አልሰጠኋቸውም። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይለወጣል። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ የእነሱን መዝገብ ከደብተሩ ጋር አመሳክራለሁ፤ ከስምሽ አንዲት ፊደል ብትጎድል ከዩኒቨርሲቲው ጋር እጣላለሁ።

የጠየቅሽኝን እነሆ መለስኩልሽ፣ ጫልቱ ደበላ። ትናንት ማስመሪያዬን አውጥቼ «ከነባለቤቱ» በሚለው ላይ ቀዩን አሰመርኩ። ከጎኑ ስምሽን በጥቁር ጻፍኩት።

ባለቤትሽ
ገረመው ተክሌ
አምቦ