ማን ጎደለ?

ጥቅምት 14

የተለመደ ቀን። ከጠዋት እስከ ማታ የውኃ ቆጣሪ ሳነብ ዋልኩ። አንዱ ቤት ውሻ፣ አንዱ ቤት ደግሞ ከውስጥ ሆኖ "ሰው የለም!" የሚል ሰው። እሺ፣ የለም።

ጨጓራዬ ትንሽ ረገበ። ነርሷ ያዘዘችውን ክኒን ከጀመርኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ። በየጠዋቱ አንድ፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ ለአንድ ወር። እንዳልረሳ የስልኬን ደወል ለአሥራ አንድ ሰዓት ሞልቼዋለሁ። ከአልጋ ሳልነሳ በአንድ ጉንጭ ውኃ... አለቀ።

ቅዳሜ ማታ ማጥፋት አለብኝ። እሑድ ቀዳሽ ነኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አላጠፋሁትም።

ስልኩ ጮኸ፣ እጄ ክኒኗን አነሳች፣ ውኃው ወረደ። የነቃሁት ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ የቀመሰ ዲያቆን መቅደስ አይገባም።

ደብራችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ነው። አገልጋዮቹ ልክ አምስት ነን፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ከአምስት ከጎደለ አይቀደስም። መንገዱን ሁሉ አሰብኩ። ዝም ብዬ ብገባስ? ማን ያያል? እሱ ያያል።

ለንስሐ አባቴ ለቄስ ሕሩይ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስልክ ደወሉ፣ ደወሉ... ዲያቆን ሁሉ በየደብሩ ገብቷል። ቅዳሴው ታጎለ።

ክርስትና ነበረ እኮ! ይርገዱ የምትባል ሴት፣ ወንድ ልጇ አርባ ቀኑ ዛሬ ሞልቶ፣ ከሊማሊሞ ሥር ሳይነጋ ተነስታ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወጥታለች። ግቢው ውስጥ ብርድ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ደግሞ አጠገቧ።

"ዲያቆን፣ ምን ተገኘ?"

"አንድ ሰው ጎደለ።"

"ውይ! ምን አግኝቶት ይሆን? እግዜር ይጠብቀው።"

እኔ ነኝ አላልኳትም። ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ወረደች።

ጥቅምት 17

ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። አልወስድም። ያቃጥለኝ።

ጥቅምት 20

መሥሪያ ቤት፣ ባልደረባዬ ጤናዬ ናት ወሬውን ያመጣችው። እህቷ ሆስፒታል ነርስ ናት።

"ከሊማሊሞ ሥር የመጣች አራስ ልጇን ሳንባ ምች ይዞባት ተኝታለች። ለክርስትና ብላ መጥታ ቅዳሴ ታጎለባት አሉ። ብርድ ነው የመታው። ያንተ ደብር አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ሰው ጎደለ።"

ሁለተኛ ጊዜ።

የሆስፒታሉን ቆጣሪ የማነበው እኔ ነኝ። ለሌላው ቆጣሪ አንባቢ ለታደለ ሰጠሁት። "እዚያ እኮ ውሻ እንኳ የለም!" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አልሄድኩም። ከብርድ ልብሱም አልወጣሁ።

ሕፃኑ ቢሞትስ? ሳይጠመቅ ቢሞትስ? ከትናንት ጀምሮ ይኸንኑ ነው የማስበው። ስተኛም፣ ስነሳም። እንባ የለም። እህልም አይወርድም። ጤናዬ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ብላ ጥብስ ላከችልኝ። ለጎረቤት ሰጠሁት።

ለመጸለይ ሞከርኩ። በምን አፌ? ተውኩት።

ጥቅምት 25

ቄስ ሕሩይ ቤቴ መጡ። ወንበር ስሰጣቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ምሥጋናው፣ ዳዊት ደገምክ?"

"አልደገምኩም፣ አባ።"

"በላህ?"

"የተላከልኝን ለጎረቤት ሰጠሁት።"

"ይኸው ነዋ!"

ጴጥሮስን ያመጡብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቀረም፣ መጣ። "ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታ ሲያገኘው ስለ ክህደቱ አንድ ነገር ጠየቀው? ትወደኛለህ ወይ ነው ያለው። ከዚያ በጎቼን ጠብቅ ብሎ ሥራ ሰጠው።"

"እሱ ጴጥሮስ ነው፣ አባ። ሕፃኑስ?"

"ትናንት ሆስፒታል ገብቼ ጸልዬለታለሁ። ቢብስበት እዚያው አልጋው ላይ አጠምቀዋለሁ። እግዚአብሔር ባንተ ክኒን እጁ የሚታሰር መሰለህ? ኧረ ይኸስ ትዕቢት ነው!"

ትዕቢት... ይኸን አላሰብኩትም ነበር። እንዲህ ወድቄም ትዕቢት?

እሑድ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። ከዳባት ዲያቆን ለምነው አምጥተዋል። በሚቀጥለው ግን አይመጣም፤ የራሱ ደብር አለበት።

"ስማኝ" አሉ። "መቅደሱ በር ላይ ስንቆጠር ምን ብለን ነው የምንጠይቅ? ማን ጎደለ? ነው የምንል። ማን አጠፋ? ብለን ብንጠራማ እኔም አልገኝ።"

ሊወጡ ሲሉ ቀኖናዬን ነገሩኝ። ለእናቲቱ እውነቱን በአፌ እንድነግራት።

"ስግደት አይሻልም፣ አባ?"

"ስግደትማ ቀላል ነው።"

ጥቅምት 27

ቆጣሪውን ከታደለ መልሼ ወሰድኩ። ሆስፒታል ሄጄ አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ሰበብ አለቀብኝ፤ ገባሁ።

ሕፃኑ ኦክሲጅኑ ወልቆለታል። ይጠባል። ይርገዱ ወዲያው አወቀችኝ።

"የዚያን ዕለት ጎደለ ያልኩሽ ሰው... እኔ ነኝ።"

ስለ ስልኩም፣ ስለ ክኒኑም፣ ሁሉንም ነገርኳት።

"ስለምን ያኔ አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ።"

"ብትነግረኝ እረግምህ ነበር" አለች። ፊቷ አልተፈታም። "የልጄን ቀን አሳለፍክበት። ብርዱ ሊቀጥፍብኝ ነበር።"

ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዘችኝ።

"እኔ እኮ ለዚያ ለጎደለው ሰው ስጸልይ ነው የሰነበትኩ። ታሞ ይሆናል፣ ሞት አግኝቶት ይሆናል እያልኩ። አንተ ኖረሃል ለካ!"

ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረች። ከዚያ ቀና ብላ፣

"ጨጓራህስ? ክኒኑን ጨረስከው?"

አለቀስኩ። አስታማሚው ሁሉ እያየኝ።

ማታ መሳቢያውን ከፈትኩ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ሄድኩ። ማንም ምንም አላለኝ። ፍርሃቱ እንዳለ ነው። እንዳለ ቀደስኩ።

ኅዳር 4

ልጁ ከሆስፒታል ወጣ። የፊታችን እሑድ ክርስትና ነው። እንጀራ በላሁ። ሁለት።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ስልኩን ትናንት ማታ አጠፋሁት። ክኒኑን ጎረቤት አሳደርኩት። ይሳቁ።

ይርገዱ ግቢው ውስጥ ስታየኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ዲያቆን! ዛሬስ ውኃ አልቀመስክም?" አለች።

"አልቀመስኩም።"

"እሰይ!"

ሕፃኑ ተጠመቀ። ውኃው ሲነካው ጩኸቱ ጉድ ነው! ሳንባው ድኗል። ቄስ ሕሩይ እንኳ ሳቁ።

ከዚያ ልብሰ ተክህኖ ለብሰን መቅደሱ በር ላይ ቆምን። ቄስ ሕሩይ እንደ ወትሮው ዞር አሉ።

"ማን ጎደለ?"

ሌላ ጊዜ ማንም አይመልስላቸውም፤ ቆጥረው ይገባሉ። ዛሬ እኔ መለስኩ።

"የጎደለ የለም፣ አባ።"