ወደ ቀኝ የምትጎትት ፊያት

የካቲት 6፣ 1987፣ ሰኞ

ቢሮ ቆመው ከሚጠብቁኝ መኪኖች አንዱን እንኳ አላስነሳሁም። መለዋወጫ የለም። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ መኪኖቹ ብቻ አሮጌ... ከናዝሬት በመካኒክነት ስመጣ ለስድስት ወር ነበር ያሉኝ። ሁለት ዓመት ሞላኝ።

ሚስቴ የወርቅውሃ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከባምባሲ ገባች። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ እዚያ ክሊኒክ ነው የምትውለው፤ ሌላውን ቀን እዚህ አሶሳ። አንድ ነርስ ለሁለት ከተማ። በፊያታችን ራሷ ነድታ ነው የምትመላለሰው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ባልዲ ውስጥ ነከረች።

"ዛሬም ጎተተችኝ።"

"መሪውን አጥብቀሽ ያዢ።"

ደክሞኛል።

የካቲት 8፣ ረቡዕ

ይሄ ሞተር... ከገና ማግስት ነው የገባው። የድሮው ትንሽ ነበር፣ ዳገት ላይ ያለቅስ ነበር። ናዝሬት አንድ የተጋጨች መኪና ላይ ተለቅ ያለ አግኝቼ በጭነት መኪና አስመጣሁ፤ ሦስት እሁድ ፈጅቼ ገጠምኩት። ማን ለምኖኝ? እሷ አልለመነችኝም። እኔው ነኝ ያማረኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤንዚን ሲሰጧት ወደ ቀኝ ትጎትታለች። እግር ሲነሳ ወደ ግራ ትመለሳለች። በፊት ጎማ የምትሄድ መኪና ጉልበት ሲበዛባት ጠባይዋ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ ስነዳት ግን ያን ያህል አይደለም። የሷ እጅ ይሆን? እንጃ።

የካቲት 10፣ ዓርብ

የወርቅውሃ የኋላ ወንበር ሙሉ ማንጎ ይዛ መጣች። ግማሹ የፈነዳ፣ አፈር የነካው። "ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?" አልኳት። "ገዛሁት፣ በቃ" አለችና ተኛች። እራት እንኳ አልበላችም።

የካቲት 12፣ እሁድ

ከጤና ቢሮ ደብዳቤ መጥቶላት ኖሯል። ሐሙስ ነው የደረሳት፣ ዛሬ አሳየችኝ። ጠቅልላ ባምባሲ እንድትዛወር ይፈልጋሉ። አልዛወርም ካለችም እንደ አሁኑ መመላለስ ትችላለች። መልሷን እስከ መጋቢት 1።

"ምን ልትያቸው ነው?"

"መኪናዋን ፈራኋት፣ ስለሺ።"

የማንጎውን ነገር ያን ጊዜ ነገረችኝ። ዳገቱ ላይ ቤንዚን ስትሰጣት መሪው ከእጇ አመለጠ። በትከሻዋ እንጨት ሁለት ቅርጫት ያንጠለጠለች ሴት በዳር ትሄድ ነበር። መኪናዋ የመታችው ቅርጫቱን ነው። ሴትየዋ አልተነካችም፤ ማንጎው መንገድ ሙሉ ተበተነ። ተንበርክከው አብረው ለቀሙት፣ ሁሉንም ገዛቻት።

"አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ብትሆን ኖሮ..." አለች።

እኔ ምን አልኩ? "ደክሞሽ ይሆናል፣ እጅሽ ላልቶ ነው።" ይሄን አልኳት። ተነስታ ወጣች። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 15፣ ረቡዕ

በጭነት መኪና ሄደች። ፊያቷ እቤት ቀረች።

ከሥራ ወጥቼ ሥሯ ገባሁ። በቀኝ በኩል ሞተሩን የሚሸከመው የጎማ ትራስ፣ ጎሚኒው፣ ተጨፍልቆ እንደ ቂጣ ሆኗል። ቤንዚን ሲሰጣት ሞተሩ ከቦታው ወደ ላይ ብድግ ይላል፣ ኃይል ወደ ጎማ የሚወስዱት ሁለቱ አክስሎች አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ያጋድላሉ። ለካ! ትልቅ ሞተር በትንሽ ሞተር ጎሚኒ ላይ አስቀምጬ... አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ወር። ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም።

ሾፌራችን ደባልቄ "ባቢከር ጋ ሂድ" አለኝ። ገበያ ዳር ከጭነት መኪና ጎማ ጫማ የሚቆርጠው የበርታ ሰው። "ጫማ ሰፊ ሞተር ሊያስርልኝ?" ብዬ ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

ባቢከርን አገኘሁት። ረመዳን ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። የተጨፈለቀውን ጎሚኒ አገላብጦ አየ።

"ይሠራል። ከዒድ በኋላ ና፣ ኡስታዝ።"

"ቸኩያለሁ እኮ፣ ባቢከር።"

"ማሌሽ፣ አይዞህ። ጾም ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቢላ ይስታል።"

ምን ልበለው? ልክ ነው። ለመጋቢት 1 አሥራ አምስት ቀን ቀረ።

የካቲት 19፣ እሁድ

ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥሬ የፊቶቹን አቅጣጫ አስተካከልኩ። ግማሽ ቀን። ትንሽ ተሻላት፣ ትንሽ ብቻ። ወገቤን ቆርጦኛል።

የካቲት 22፣ ረቡዕ

የወርቅውሃ ትርፉን ፍራሽ ጠቅልላ በጭነት መኪና ላይ አስጫነች። ደጊቱ የምትባል ባልቴት ባምባሲ ክፍል ሰጥታታለች፤ የአሶሳውን ሥራ እስከዚያ አስፈቅዳለች።

"እስከ ቀኑ ድረስ እዚያ ሆኜ ልየው" አለች። "ሁሌ እንዲህ መሳቀቅ አልችልም።"

ፍራሹን አብሬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ገመዱ እንዳይላላ ሁለቴ ቋጠርኩ... ቤቱ ጭር ብሏል። ከማንጎው የተረፈው ወጥ ቤት ውስጥ እየሸተተ ነው፣ ለመጣል እንኳ አልተነሳሁም። ናፈቀችኝ።

የካቲት 26፣ እሁድ

ባቢከር ቃሉን ጠበቀ። ዒዱ አልፎ ዛሬ ጠዋት በነጭ ጀለቢያው መጣ። ሦስት ድርብ ጎማ በሚስማር አጋጥሞ፣ ቀዳዳውን በጋለ ብረት በስቶ... እንደ ፋብሪካ ልክ ገጠመ። ጎኔ አስቀምጬው ወጣን። ሞተሩ አሁን ከቦታው ብድግ አይልም። አሁንም ግን ወደ ቀኝ ትጎትታለች። የቀረችኝ አቅም ያን ጊዜ አለቀች። ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ ተደፋሁ።

ባቢከር ወርዶ ዞራት። ግራውን የፊት ጎማ በመዳፉ ዳሰሰ፣ ሄዶ ቀኙን ዳሰሰ። ከኪሱ ጫማ የሚለካበትን ገመድ አውጥቶ አንዱን ዙሪያ ለካ፣ ከዚያ ሌላውን። ልዩነቱን በሦስት ጣቱ አሳየኝ።

"ይሄ ግራው ያንሳል። ሁለት እግር፣ አንዱ አጭር። እንዴት ቀጥ ይሄዳል? ማነው እንዲህ ያሰረው?"

እኔ ነኝ።

እዚህ አገር አንድ አዲስ ጎማ የተገኘ እንደሆነ ፊት በቀኝ ይታሰራል። ቀኙ በመንገዱ ዳር ስለሚሄድ ስለታሙ ድንጋይ ያለው እዚያ ነው። ያለቀው ግራ ይሁን፣ መሀሉ ለስላሳ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ለቢሮው ሾፌሮችም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በኋላ ጎማ የሚሄደውን ጭነት መኪና ያን ያህል አይጎዳም፤ በፊት ጎማ በምትሄደው ላይ ግን ትንሹ ጎማ አብልጦ ይገፋል፣ መሪውን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል። ለፊያቷም ሞተሩን በቀየርኩ ሰሞን እንደ ቁም ነገር አሰርኩላት... ሃያ ዓመት ጭነት መኪና የነዳ ክንዴ ግማሹን ጉተታ ሳያሳውቀኝ ሲታገለው ኖሯል። የሷ ክንድ ግን አሳወቃት።

አዲሱን ወደ ኋላ ወስጄ እኩል ያለቁ ሁለቱን ፊት አሰርኩ። ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቤንዚን ሰጠኋት። ቀጥ ብላ ሄደች።

ባቢከር ሳቀ። እኔ አፈርኩ። "ሚስትህ አሁን ይመጣል" አለኝ። ትመጣለች ወይ?

የካቲት 27፣ ሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ባምባሲ ነዳሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ቁልፉን ሰጠኋት። መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ጠፋኝ።

"እጅሽ አልነበረም። ጎማውን ያበላለጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ሁለት ወር፣ ስለሺ። ሁለት ወር አጥብቀሽ ያዢ ስትለኝ።"

መዳፏን ዘረጋችልኝ። እንደ ገበሬ ጠጥሯል። በየማታው ባልዲ ውስጥ ሲነከር ያየሁት እጅ ነው። ጠጋ ብዬ አላየሁትም።

"ሴትየዋ ብትሞት ኖሮስ? ያኔም እጅሽ ነው ትለኝ ነበር?"

እል ነበር ይሆናል። ፊያቷን ትቼላት በጭነት መኪና ተመለስኩ። አቧራ እስከ ጉሮሮዬ።

የካቲት 30፣ ሐሙስ

ነገ ነው። ሰው ልልክባት ነበር፣ ተውኩት። ቢሮ ሾፌሮቹን ሰብስቤ የጎማውን ነገር እንደተሳሳትኩ ነገርኳቸው። ደባልቄ "አንተ አይደለህ ያስተማርከን?" አለ። ነኝ አልኩት።

መጋቢት 1፣ ዓርብ

ወጥ ቤቱን አጠብኩ። ማንጎውን ጣልኩ። ከዚያ በር ላይ ቁጭ።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ተኩል... ሞተሯን ከሩቅ አወቅኩት። ዳገቱን ስትወጣ አየኋት፣ መሀል መንገዱን ይዛ፣ ቀጥ ብላ። ጣሪያዋ ላይ የታሰረ ነገር አለ። አቧራው እስኪያልፍ ምን እንደሆነ አልለየሁም።

ወርዳ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ለኔ አልሰጠችኝም።

"መኪናዋ የኔ ናት ከዛሬ ጀምሮ" አለች። "ሞተር ሲያምርህ መጀመሪያ እኔን ጠይቅ።"

"እሺ።"

"እጅሽ እንዴት ዋለ?" አልኳት። እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። ገመዱን ለመፍታት ወደ ጣሪያው ተንጠራራች።

እንደኔ ሁለቴ ቋጥራዋለች። ፍራሹን አንድ አንድ ጫፍ ይዘን አብረን አወረድነው።