ወንድ የማያየው ቪዲዮ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ከቡራዩ ያመጣሁትን የካሜራ ካርድ ኮምፒውተር ላይ እያራገፍኩ ነው። መብራት ሁለቴ ጠፋ። እንደገና ከመጀመሪያው።

የፎዚያ ሠርግ፣ የሴቶቹ ክፍል። ካሜራ ይዤ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፀጉራቸውን ገልጠው ሲጨፍሩ ዋሉ። ስወጣ እናቷ እጄን ይዘው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድ አያየውም አይደል?» አሉኝ። አያየውም አልኳቸው።

ቪዲዮ የምናስቀምጥበትን ሰርቨር ሦስቱም ስቱዲዮዎቻችን ይከፍቱታል፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። የዘረጋሁት እኔ ነኝ። የፎዚያን ፎልደር ከእኔ በቀር ለሁሉም ዘጋሁት። አሁን ሻይ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ከስቱዲዮዎቹ ባለቤት ከጋሽ ደረጀ ጋር ተጣላን። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተያይዘው ሊገቡ ነው፣ ሠርጉ ሁሉ ተደራርቧል። የፎዚያን ቪዲዮ ሱሉልታ ያለው ቢኒ ቆርጦ ያቀናብረው አለ። ቢኒ ወንድ ነው፣ ቃል ገብቻለሁ፣ አድሬም ቢሆን እኔው እሠራዋለሁ አልኩ።

«እዚህ ቤተሰብ ነን። ከማን ነው የምትደብቂው?» ቀጠለና፣ «በዲግሪሽ ዘበኛ ሆንሽ እንዴ?» የስቱዲዮው ልጆች ሳቁ።

አዎ ማስታወሻዬ፣ ዘበኛ ነኝ።

ከሰዓት በራሱ ስም ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ፎልደሩን ለሦስቱም ስቱዲዮ ከፈተው። ባለቤት ስለሆነ ስሙ ሁሉንም ይከፍታል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ቢኒ ከሠርጉ ቪዲዮ ማስታወቂያ ቆርጦ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለጥፎታል። ፎዚያ ናት። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ፣ እየሳቀች። ለቢኒ ደወልኩለት። ጋሽ ደረጀ አይቶ ወዶታል አለኝ። እስኪያወርደው ጮህኩበት። ወረደ። ምን ዋጋ አለው። የሰፈሯ ልጆች ስልክ ውስጥ ገብቷል።

እሁድ፣ የካቲት 8

ቡራዩ ሄድኩ። ፎዚያ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ባሏ ስልኳን አያነሳም።

በር የከፈተልኝ ወንድሟ ጀማል ነው። ጋሽ ደረጀ ጠዋት ደውሎለታል። ቪዲዮውን የለቀቀችው ያቺ ልጅ ናት፣ አባርሬያታለሁ ብሎታል። መባረሬን የሰማሁት እዚያ በር ላይ ነው።

«ደግሞ በእግርሽ መጣሽ?» አለ ጀማል።

ገባሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ልጄ አላሉኝም።

ፎዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። አሁን ማን ማን ሊያየው ይችላል? ሦስቱም ስቱዲዮ ያለ ሰው ሁሉ፣ አልኳት። ላጥፋው? ብዬ ጠየቅኳት።

«ሠርጌ እኮ ነው። ለምን ይጠፋል?»

ነገ ስቱዲዮው ይዘሽኝ ሂጂ አለች።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሰበታ። ማንም ሳይመጣ ገባን። ስሜ ሰርቨሩ ላይ አሁንም ይሠራል። ጋሽ ደረጀ ሰው ማባረር ያውቃል፣ ከሰርቨር ማውጣት ግን አያውቅም። ያንን የምሠራለት እኔ ነበርኩ።

የሠርጉን ቪዲዮ ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ከሰርቨሩ አጠፋሁት። ቢኒ እሱ ጋ የነበረውን አጥፍቻለሁ ብሏል። አላምነውም።

ፎዚያ ፍላሹም ይቆለፍ አለች። «እኛም ቤት ሰው አለ።» የይለፍ ቃሉን ራሷ ጻፈች። ስትጽፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ ስሜን ከሰርቨሩ አወጣሁ።

ማታ። ጋሽ ደረጀ መልእክት ልኳል። ንብረቴን ሰርቀሻል፣ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እንገናኝ። እሄዳለሁ። እዚያም ሁሉንም እናገራለሁ። ፍላሹን ክፈቺው ቢሉኝ ግን አልችልም። ቃሉን አላውቀውም።