የመምህሯን ምስጢር የረሳው ሕግ

ለውድ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆመሽ ስትውይ ያ ወገብሽ ዛሬም ይነዝርሻል ወይስ አሠሪዎችሽ ወንበር ሰጡሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ አማትሽስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም አለን፤ ልጆቼ ያድጋሉ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ባለቤቴም «ነገ እጠግነዋለሁ» ይላል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ከእጅ ጽሑፌ ስለምትነቂብኝ አልዋሽሽም።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሕግ ወጥቷል። ሕጉ ማንኛውም ትምህርት ቤት መምህራኑን ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና እንዲያሠለጥን ያዛል። አንድ ልጅ ተጨንቆ ሲመጣም ማን ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ የጽሑፍ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት። ከኛ ትምህርት ቤት ለሥልጠናው የሄድነው እኔና ዲሬክተሯ ነን። ታውቂያታለሽ፤ ተማሪዎች ከድምጿ የተነሣ «ደወሏ» የሚሏት፣ ሚዜዬ የነበረችው፣ በሠርጌ ቀን ጫማዬ ሲልጠኝ የራሷን አውልቃ የሰጠችኝ ናት።

ሥልጠናው አምስት ቀን ፈጀ። አሠልጣኟ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። በሦስተኛው ቀን ወንበሮቹን ክብ አድርጋ፣ «ልጅ የሆዱን እንዲነግራችሁ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እናንተ ሞክሩት፤ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» አለችን። እኔም አባባ ካረፉ በኋላ አራት ወር ከአልጋ መነሣት እንዳቃተኝ፣ ከዚያም ክኒን እየዋጥኩ እንዳስተማርኩ ተናገርኩ። ካንቺና ከባለቤቴ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ደወሏ እጄን ጭብጥ አድርጋ፣ «እኔ እያለሁልሽ ብቻሽን?» ብላ አለቀሰች። ያን ቀን ከላዬ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ።

ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ገጽ። የጠመኔ ማስቀመጫ የነበረችውን ጠባብ ክፍል ጠርጌ፣ ከባለቤቴ ጋር ቀለም ቀብተን ሁለት ወንበር አስገባንባት። የስፖርት መምህሩ «እኛስ ስንከፋ መግባት ይፈቀድልናል?» እያለ ያስቀን ነበር። መጀመሪያ የመጡት ከኔው ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሸሹ ነበሩ። ከዚያ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ መጣች። ሦስት ቀን ዝም ብላ ተቀምጣ ሄደች፤ በአራተኛው ተናገረች። ምን እንዳለችኝ ላንቺም አልጽፈውም። ዕቅዱ እንደሚለው ወዲያው ለደወሏ አሳወቅሁ፤ እናትየው ተጠራች፤ ደወሏ የሐኪም ቤት መላኪያ ወረቀቱ ላይ ፈረመችና ልጅቷን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ «በጥሩ ጊዜ ደረሳችሁ» አለን።

አባቷ ያን ሰሞን ለሥራ ርቆ ነበር። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሲመለስ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ፤ «ልጄን እብድ አስባላችሁብኝ፣ ማን ፈቅዶላችሁ?» ብሎ ስብሰባ አስጠራ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ተቀምጬ፣ ደወሏ ተነሥታ «ሕጉን ተከትለን ነው፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ» እስክትል እጠብቃለሁ። ተነሣች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «እኛም ዘግይተን ነው የሰማነው፤ መምህሯ ራሷ የአእምሮ ታካሚ ስለነበረች ነገሩን አግዝፋው ይሆናል» አለች። እታለሜ፣ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበረች እናት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

በማግሥቱ ቢሮዋ ገባሁ። ፊርማዋን አስታወስኳት። «ሰውዬው ከቦታዬ ሊያስነሣኝ ነበር፤ እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» አለችኝ። ሕጉን አውጥቼ፣ ምስጢር ማውጣት ክልክል ነው የሚለውን አንቀጽ አነበብኩላት። ቀና ሳትል፣ «እሱ የተማሪን ነው እንጂ የመምህርን ምስጢር አይልም» አለች። ደግሜ አየሁት፤ እውነቷን ነው። እኔም ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ስለ መምህር አንድ መስመር አላሰብኩም። የሕጉንስ ልቻለው፤ ያንገበገበኝ አብራኝ ያለቀሰችው እንባ ነው። ያን ጊዜም ስታለቅስ ምስጢሬን ለክፉ ቀን እያስቀመጠችው ነበር? ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

«ጉዳዩ እስኪጣራ» ብለው ከማስተማር አንሥተው የመጻሕፍት መጋዘን ውስጥ አስቀምጠውኛል። ያቺ ክፍል ተቆልፋለች። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ግን ዕቅዱን አመሰገኑት፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሊገለብጡት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የደወሏ ስም ነው። ልጅቷ ሕክምናዋን አላቋረጠችም፤ እናትየው «እኔ ነኝ የወሰድኳት፣ ነገም እወስዳታለሁ» ብላ ባሏን ፊት ለፊት ተቋቋመችው። ባለፈው ሳምንት መጋዘኑ በር ላይ ቆማ፣ «መብላት ጀምራለች» ብላኝ ብቻ ሄደች። የዚያን ቀን ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

ደወሏ አቤቱታ እንዳልጽፍ በስፖርት መምህሩ በኩል አስለምናኝ ነበር። «ከጻፍሽ በሽታሽ ከነስምሽ መዝገብ ውስጥ ይገባል ብላለች» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። እኔም መጻሕፍቱ መሐል ተቀምጬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር «አባቴ ባረፉበት ዓመት ታምሜ የዳንኩ መምህር ነኝ» ይላል። የመምህርም ምስጢር በሕጉ እንዲጠበቅ ጠይቄ፣ ዲሬክተሯ የፈረመችበትን ወረቀት ቅጂ አያይዤ ትናንት በእጄ አስገባሁት። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። የፈረምኩት ግን ሙሉ ስሜን ጽፌ ነው።

ለባለቤትሽ ከነቤተሰቤ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የአማትሽን ጉልበት ስሚልኝ። ትልቁን ልጅሽን «አክስትህ ሒሳብህን ትጠይቅሃለች» በይው፤ ትንሿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባለቤቴንና ልጆቼንም በጣም ናፍቀሻቸዋል። እስከ ዛሬ በየደብዳቤዬ ግርጌ የደወሏን ሰላምታ እጨምርልሽ ነበር፤ የዛሬው የኛ ብቻ ነው።

እህትሽ

ከመጻሕፍት መጋዘኑ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን