በአጎቴ ደብዳቤ ላይ ያልነበረው

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዝናብ ሲመጣ የሚጠዘጥዝሽ ነገር ተሻለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አሁንም ለቡ መብራት ኃይል ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በእግር ቅርብ ነው።

ያልደወልኩልሽ ስልኩ አናስ ኪስ ውስጥ ስለሚውል ነው። ይህ ነገር በወንድሜ ጆሮ አልፎ እንዲደርስሽ አልፈለግኩም። ሪሐና ታንብብልሽ። ሪሐና፣ እህቴ፣ የተጻፈውን ብቻ አንብቢ፤ አትጨምሪ፣ አታስቀሪ። ለምን እንዲህ እንዳልኩሽ ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል።

እማ፣ ባለፈው ሳምንት አጎቴ ሃሩን ሱቅ ሄጄ ነበር። ከቀለሙና ከሚስማሩ መደርደሪያ በላይ የምረቃ ፎቶዬን በትልቁ አሳጥቦ ሰቅሎታል። ከአገር ቤት ለመጡ ሁለት ሽማግሌዎች እያሳየ፣ "ይቺን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሟች ወንድሜ ልጅ አይደለች? አሁን ደግሞ ለአረፋ ስሄድ ታናሿን ይዤ እመጣለሁ" ይላቸዋል። ሚስቱ ቀመሪያም ከጓዳ ሆና፣ "የሱ ነገር፣ ሁሌ ለሰው እንደለፋ ነው" ትላለች።

የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋስ? አልኩት። "አዲስ አበባ ፈተና ጠፋ? እዚህ ትፈተናለች" አለኝ፣ ሽማግሌዎቹን እያሳቀ። እማ፣ ፈተናው ከአረፋ በኋላ ነው፤ ተማሪ የሚፈተነውም በተመዘገበበት ነው። ሪሐና የተመዘገበችው እዚያ ነው። ከመጣች እዚህ የምትቀመጥበት ወንበር የለም። እሱ ባያውቅ እኔ አስተማሪ ነኝና አውቃለሁ።

እኔን እንዴት እንዳስተማረኝም ስሚ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹን ትምህርት ቤት እያደረስኩ፣ በሩ ላይ ቦርሳቸውን አቀብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ዓመት ራሴ ሄጄ ለማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። "ሱቁን ማን ይዘጋል?" አለኝ። አናስን አስመጣውና ይዝጋ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ስመለስ የግቢው በር ይቆለፍብኝ ጀመር። ጎረቤታችን ጤናዬ፣ ጉልት ላይ ድንች የምትሸጠው፣ "ነይ ግቢ፣ የኔ በር እንኳን ቁልፍ መቀርቀሪያም የለው" እያለች ስንት ጊዜ አሳደረችኝ። ያ ፎቶ መሰቀል ካለበት የሷ ግድግዳ ላይ ነው።

አንቺ ግን አጎቴን የተቀየምሽው በሌላ ነው። "አስተምራታለሁ ብሎ ጽፎ ቃሉን በላ" ትያለሽ። አሥር ዓመት እንዲህ ስትይ ሰምቼ ዝም አልኩ። አሁን "ታላቋን አስተምሯል፣ ምናልባት ይቺንም" ብለሽ እንዳታመነቺ ፈራሁና ልናገር ተነሣሁ።

አጎቴ እንዲያ ብሎ አልጻፈም። የጻፈው "ልጅቷን ላኩልኝ፣ ቀመሪያ አራስ ናት፣ የሚያግዛት የለም" ብሎ ነው። "ትምህርት ቤት አስገባታለሁ" የሚለውን ከራሴ ጨምሬ ያነበብኩልሽ እኔ ነኝ።

ከዚያ ደብዳቤ በፊት ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ የአናስን ስንቅ ተሸክሜ እሱ ወደሚማርበት ከተማ አደረስኩ። ቆጮው ለሳምንት እንዲበቃው በደንብ ጠቅልለሽ ጀርባዬ ላይ ታስሪልኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ተጉዤ እደርሳለሁ፤ ልብሱን አጥባለሁ፤ እስኪደርቅ ድረስ የዘጠነኛ ክፍል ደብተሩን ገልጬ አነባለሁ። እኔ ስምንተኛን ከሱ በበለጠ ነጥብ ሳልፍ ግን፣ "ሴት ልጅ ከተማ ቤት ተከራይታ ብቻዋን? መንገዱስ?" ተባለ። ስንቅ ተሸክሜ ብቻዬን ስመላለስበት መንገዱ ማንንም አላስፈራም ነበር።

ስለዚህ እለምንሻለሁ አልልም። ሪሐናን አትስጪ። ትፈተን። ስታልፍ እዚያው ከተማ ክፍል ይከራይላት፤ እሱ የኔ ጉዳይ ነው። ስንቋን አናስ ያድርስላት። ትምህርቱን ከአሥረኛ ትቶ ቤት ከተቀመጠ እግሩ ደህና ነው። ወንድ ልጅ ቆጮ ተሸክሞ ብለው ቢስቁበት ይሳቁበት፤ የበላው እሱ ነበር።

ለአረፋ ከአጎቴ ቀድሜ እደርሳለሁ። ይህን ሁሉ በሽማግሌ ፊት እደግመዋለሁ፤ ውሸቴንም ጭምር። "አያችሁ፣ እኔ ቃል አልገባሁም" ይበል። እውነቱን ነው። ያልገባውን ቃል ግን ፎቶ ሰቅሎ አይመሰገንበትም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቀን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበብሽኝ። ፈርቼ ስለነበር ያቺን መስመር ሦስቱንም ጊዜ በተለያየ ቃል አነበብኳት። አንቺ ደግሞ አንድ ጊዜ የሰማሽውን ዱዓ ከዓመት በኋላ ሳታዛንፊ የምትይ ሴት ነሽ። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየሽኝ። ከዚያ፣ "እንግዲህ ከተባለ ትሂድ" አልሽ።

ለቡ አጎቴ ቤት ደርሼ ጨርቄን ስፈታ በልብሴ መሃል አንድ ያልተጻፈበት ደብተርና የአናስን እስክሪብቶ አገኘሁ። ሁለት ዓመት ደብቄ አኖርኳቸው። የማታውን ትምህርት የጀመርኩት በነሱ ነው። እስከ ዛሬ አላመሰገንኩሽም።

አላህ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ከፊታችን አያጥፋሽ። ሪሐና፣ አሁን ወረቀቱን ለእማ ስጫትና ወደ ጥናትሽ ሂጂ።

ትልቋ ልጅሽ